ያቺ አንዲት ክፍለ ጊዜ፦ ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት፣ ስለ ጾምና ስለ ክርስቲያን ተማሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ከእሑድ ጉባኤ በኋላ፣ አንዲት እናት ወደ እኛ ቀርበው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ልጃቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርቷ ረቡዕ ቀን፣ ከምሳ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ልጅቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ወደ ሜዳ መውጣት ትታለች። ጓደኞቿ ሲወጡ እርሷ ክፍል ውስጥ ተደብቃ ትቀመጣለች፤ ውጤቷም እያነሰ ሄዷል። እናቲቱ «እንድትሮጥ ላስገድዳት ወይስ ይቅርብሽ ልበላት? የእግዚአብሔርንም የትምህርት ቤቱንም ሥርዓት እንዳላፈርስ ምን ላድርግ?» አሉን።

በዙሪያቸው ከነበርነው መካከል ሁለት መልሶች ወዲያው ተሰሙ። አንዱ ወንድማችን «ስፖርት ዓለማዊ ነገር ነው፤ ቢቀርባት ምን ይጎድልባታል?» አለ። አንዲት እኅታችን ደግሞ «ገና ልጅ አይደለችም እንዴ? ያን ቀን በልታ ትሂድ» አለች። ሁለቱም የተናገሩት በፍቅር ነው። ነገር ግን ሁለቱም መልሶች ከአንድ ስሕተት የሚነሡ መስለው ታዩኝ፤ ይኸውም ጾምና ሰውነትን ማሠልጠን የማይታረቁ ጠላቶች ናቸው ብሎ ከማሰብ ነው። የአንዱ መልስ ሥጋን ይንቃል፤ የሌላዋ መልስ ጾምን ያቀልላል። ስለዚህ የዚያች እናት ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ መሆኑን ተረድቼ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ማቅረብ ወደድሁ።

ክፍለ ጊዜዋን ማን ወሰዳት?

ወጣቶች ሆይ፣ እስኪ ራሳችሁን ጠይቁ። ባለፈው የትምህርት ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርታችሁን በትክክል የተማራችሁት ስንት ጊዜ ነው? በብዙ ትምህርት ቤቶች የምንሰማው ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በሳምንቱ መርሐ ግብር ላይ ክፍለ ጊዜዋ ተጽፋለች፤ ፈተና ሲቃረብ ግን ለሒሳብ ወይም ለፊዚክስ ማካካሻ ትሰጣለች። ሳትነካ ስትቀርም አንድ ኳስ ወደ ሜዳ ይወረወራል፤ ዐሥር ጉልበተኛ ወንዶች ይራገጣሉ፤ ሴቶቹ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ፤ የቀሩት ደብተራቸውን ይቀዳሉ። ደወል ይደወላል፤ «ስፖርት ተማርን» ይባላል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ሰውነት ማጎልመሻ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ የለም። ፈተናው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ቁጥር የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ፣ ያን ቁጥር የሰማ ርእሰ መምህር እያንዳንዷን ደቂቃ ለፈተና ትምህርት ቢመድብ አይፈረድበትም። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። መድኃኒቱ ግን ትክክለኛ አይመስለኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን የሚያነቃቃ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ከዚህም ውስጥ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንዲሆን ይመክራል። ይኸው ድርጅት የ2016 እ.ኤ.አ. መረጃን መሠረት አድርጎ እንዳስታወቀው፣ በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ተማሪዎች 81 በመቶው ይህን ያህል አይንቀሳቀሱም፤ ከሴቶቹ 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ። ሰውነት ሲንቀሳቀስ ልብ ይጠነክራል፤ አጥንት ይጠብቃል፤ እንቅልፍ ይስተካከላል፤ አእምሮም ይነቃል። ከጠዋት እስከ ቀትር አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቆ የዋለ ልጅ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳውን እያየ አያይም። እንግዲያው ሜዳ ላይ የምትውለው አንዲት ሰዓት ከሒሳብ የተሰረቀች አይደለችም፤ ለሒሳብ የተቀመጠች ስንቅ ናት።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አባት እንዲህ ሊሉኝ ይችላሉ፦ «ልጄ፣ ይህ ለሀብታም አገር ልጅ ነው። የእኛ ልጅ ከፋርጣ ገጠር፣ ከጋይንት፣ ከስማዳ ቁልቁለት ተነሥቶ ሰዓት ሙሉ በእግሩ ይሄዳል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከብት ያግዳል፣ እንጨት ይለቅማል። እኅቱ ውኃ በጀሪካን ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። ይህን ልጅ ደግሞ ሩጥ ትለዋለህ?» እውነታቸውን ነው። ለዚያ ልጅ ሰውነት ማጎልመሻ ማለት ተጨማሪ ድካም ከሆነ ግፍ ነው። ነገር ግን የተሸከመ ሁሉ አልሠለጠነም። ዘወትር በአንድ ወገን ሸክም የጎበጠ ጀርባ እንዴት እንደሚቃና፣ የተወለከፈ ቁርጭምጭሚት እንዴት እንደሚያዝ፣ ጓደኛው ራሱን ሲስት ምን ማድረግ እንዳለበት፣ በቡድን ውስጥ ሆኖ መሸነፍንና ማሸነፍን እንዴት እንደሚቀበል የሚማረው በዚህች ክፍለ ጊዜ ነው። ያች ጀሪካን የምትሸከም ልጅ ደግሞ ምናልባት በሳምንት ውስጥ የምትጫወትባት ብቸኛ ሰዓት ይህች ናት። የከተማው ልጅ ነገር ሌላ ነው፤ በባጃጅ ሄዶ በባጃጅ የሚመለሰው፣ ማታ ስልክ ላይ አጎንብሶ የሚያመሸው የደብረ ታቦር ልጅ መሮጥ ያስፈልገዋል። ጥሩ መምህር ለሁለቱ አንድ ዓይነት ትምህርት አይሰጥም።

ሐዋርያው ስለ ሥጋ ምን አስተማረ?

«ስፖርት ዓለማዊ ነው» የሚሉ ወንድሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን ነው (1ኛ ጢሞ. 4፥8)። በዚያ ቦታ ሐዋርያው የሥጋን ልምምድ ከእግዚአብሔር መምሰል ጋር አነጻጽሮ የፊተኛው ጥቅም ጥቂት፣ የኋለኛው ግን ለዚህም ለሚመጣውም ሕይወት መሆኑን ያስተምራል። ልብ በሉ፤ ጥቅም የለውም አላለም። ጥቂት ጥቅም ያለውን ነገር እንደ ሙሉ ጥቅም መያዝ ስሕተት ነው፤ ጥቂት ጥቅም ያለውንም ፈጽሞ መጣል እንዲሁ ስሕተት ነው። እንጀራም ቢሆን የሚጠቅመው ለጊዜው ነው፤ ነገር ግን እንጀራ የሚጋግሩ እናቶቻችንን ዓለማውያን አንላቸውም።

ይኸው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የሯጩንና የቡጢ ተጋጣሚውን ምሳሌ ያነሣል (1ኛ ቆሮ. 9፥24-27)። ይህን ምሳሌ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በቆሮንቶስ አቅራቢያ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ የሩጫና የትግል ውድድር ይደረግ ስለ ነበር ሕዝቡ ነገሩን በዓይኑ ያውቀዋል። ሐዋርያው የጣዖቱን በዓል አላመሰገነም፤ የሯጩን ትዕግሥት፣ ራስን መግዛትና ግብን አለመሳት ግን ለክርስቲያን መምህር አደረገው። በሕይወቱ መጨረሻም ያገልግሎቱን ፍጻሜ የገለጸው ሩጫውን በጨረሰ ሰው ምሳሌ ነው (2ኛ ጢሞ. 4፥7)። በሩጫ የሚያፍር ሰው ይህን ቋንቋ አይመርጥም።

ከዚህም በላይ ቅዱስ ሉቃስ ስለ ጌታችን ብላቴንነት ሲጽፍ በጥበብና በሞገስ ብቻ ሳይሆን በቁመትም እንዳደገ ይነግረናል (ሉቃ. 2፥52)። አምላክ ሰው ሲሆን ሥጋን አልተጸየፈም፤ አድጎበታል፣ ደክሞበታል፣ ተርቦበታል፣ ተነሥቶበታል። እኛም በተጠመቅን ጊዜ ካህኑ ቅብዐ ሜሮን የቀቡት በ36 የሰውነታችን ክፍሎች ነው፤ ግንባራችን ብቻ አልተቀባም፤ እጅና እግራችንም ተቀብተዋል። የተቀባ እግር ምን ያህል ክብር እንዳለው አስቡ። የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ የሆነውን ሰውነት (1ኛ ቆሮ. 6፥19) በሱስ ማፍረስ ኃጢአት እንደ ሆነ እናስተምራለን፤ በቸልተኝነት ማድከምስ?

አባቶቻችን ሰውነታቸውን እንዴት አስተማሩት?

በደቡብ ጎንደር ተወልደን ሰውነትን ማሠልጠን ከባዕድ የመጣ ነገር ነው ብንል ታሪካችንን እንክዳለን። የቆሎ ተማሪውን አስቡት። ዳዊቱን አንግቶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ከዙር አምባ እስከ ቤተ ልሔም በእግሩ የተጓዘ፤ ጎጆውን በእጁ የሠራ፤ እንጨት ሰብሮ፣ ውኃ ቀድቶ ለየኔታ ያቀረበ፤ ሌሊት በብርድ ቆሞ ያዜመ። ያ ትምህርት አእምሮን ከእግር ነጥሎ አያውቅም።

አቋቋሙስ? ከምሽት እስከ ንጋት መቋሚያ ይዞ፣ በጸናጽልና በከበሮ ተመርቶ የሚዘመመው ዝማሜ የሰውነት ሥርዓት አይደለምን? በፎገራ የተወለዱት ሊቁ አለቃ ገብረ ሐና ለቀልዳቸው ብቻ የምናስታውሳቸው ሰው አይደሉም። እንደሚተረከው፣ የጣናን ማዕበልና የታንኳውን ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት አስገኙ። በጎንደር ስልቱ በቀላሉ ተቀባይነት ባያገኝም፣ ልጃቸው አለቃ ተክሌ በዚህ በእኛው በደብረ ታቦር አስተማሩት፤ እስከ ዛሬም በስማቸው «የተክሌ ዝማሜ» እየተባለ ይጠራል። እንግዲህ የእኛ ከተማ ለቤተ ክርስቲያን ካበረከተቻቸው ሀብቶች አንዱ ሰውነት እግዚአብሔርን የሚያመሰግንበት እንቅስቃሴ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይደክም የሚዘምም መዘምር ጤናማ ጉልበት፣ ቀጥ ያለ ጀርባና የሰፋ ሳንባ እንደሚያስፈልገው ልነግራችሁ አይገባም።

በበዓሎቻችንም ጨዋታ ቦታ አለው። የከተማችን ስም የሆነው የደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲከበር፣ ብላቴኖች ከቀናት በፊት ጀምረው ጅራፍ ገምደው ያጮኻሉ። አባቶች የጅራፉን ድምፅ በተራራው ላይ ከተሰማው ድምፅ ጋር ያገናኙታል። በገና ደግሞ የእረኞችን ደስታ እያሰብን በሩርና በዱላ እንጫወታለን፤ በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ሜዳ ላይ ይወርዳሉ፤ ጌታውም እንዳይቆጣ ሥርዓት ነው። አስተውሉ፦ ጨዋታውን የቀደሰው በዓሉ ነው። በዓል የሌለበት፣ ልክ የሌለው፣ ፉክክርን አምላክ ያደረገ ጨዋታ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ጾምና ሜዳ

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ጾም ሥጋን መግደል አይደለም፤ ፈቃደ ሥጋን ማስገዛት ነው። ነቢዩ ኤልያስ በጭንቀት ደክሞ ከዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ረጅም ነበርና። ከዚያ በኋላ ነው አርባ ቀንና ሌሊት የተጓዘው (1ኛ ነገ. 19፥5-8)። እግዚአብሔር የአገልጋዩን ድካም ያውቃል፤ ከዐቅሙ በላይም አያስሮጠውም።

ስለዚህ ለጿሚ ተማሪዎች የምመክረው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ አትደበቁ። መምህራችሁን ቀርባችሁ «እኔ እስከዚህ ሰዓት እጾማለሁ» በሉ። ጾምን ለታይታ መናገር እና የሚያስተምራችሁ ሰው በአግባቡ እንዲያስተምራችሁ መንገር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛ፣ በጾም ሰዓት ፈጣን ሩጫና ብርቱ ልምምድ ይቅር፤ ሰውነትን ማፍታታት፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ኳስ መቀባበል፣ የጨዋታ ሕግ መማር፣ ዳኛ ሆኖ ማገልገል ይቻላል። ሦስተኛ፣ የራስ መዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የዓይን መጨለም ከተሰማችሁ ወዲያው ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ንገሩ። በዚህ መታበይ ጽድቅ አይደለም። አራተኛ፣ ጾሙን ስትፈቱ በሚገባ ብሉ። በእኛ ደጋ የጉና ገብስ በሶ አለ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው አለ፤ እነዚህ የሚናቁ ምግቦች አይደሉም። ቀኑን ጾሞ ማታ በሻይና በዳቦ ብቻ የሚያድር ተማሪ ለሥጋውም ለጾሙም አላሰበም። አምስተኛ፣ ሕመም ያለበት ልጅ፣ የጾሙንም ልክ ያላወቀ ልጅ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማንና ለደካሞች የምታዝን እናት ናት፤ ሥርዓቱን የምናቀልለው ወይም የምናከብደው ግን በራሳችን ፈቃድ አይደለም።

ለመምህራንም አንድ ቃል አለኝ። የጊዜ ሰሌዳው በእጃችሁ ከሆነ፣ በዐቢይ ጾም የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ወደ ጠዋት ቢዞር ምንም ወጪ የለውም። ብዙዎቻችሁም ጿሚዎች ናችሁ፤ የተማሪው ጉልበት መቼ እንደሚደክም ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ማየት መሥራት አይደለም

ወጣቶች ሆይ፣ እኔ የምፈራው ስፖርት የሚሠራውን ልጅ አይደለም። የምፈራው ስፖርት የሚያየውንና በስፖርት የሚቆምረውን ነው። ቅዳሜና እሑድ በደብረ ታቦርም ሆነ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንም ሆነ በነፋስ መውጫ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ የእንግሊዝን ክለቦች ጨዋታ እየተመለከተ የሚጮኸው ወጣት ብዙ ነው። የተጫዋቾቹን ስም ከነዝውውር ዋጋቸው ያውቃል፤ የዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ስም ግን አይጨርስም። የራሱ እግር ግን አንድ ዙር ሜዳ መዞር አይችልም። ከዚህም የባሰው ውርርዱ ነው። በዐሥር ብር የተጀመረ ውርርድ የቤት ኪራይን፣ የመማሪያ ገንዘብን፣ የእናትን እቁብ ሲበላ አይተናል። ያ ወጣት የሚወደው ኳሱን አይደለም፤ ያለ ድካም የሚገኝን ገንዘብ ነው። ሰውነት ማጎልመሻ የሚያስተምረው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ያላላበ አያገኝም።

እንግዲህ «ስፖርት ዓለማዊ ነው» ብለን ልጁን ከሜዳ ብናስወጣው ወደ ቤተ መቅደስ ይሄዳል ብላችሁ ታስባላችሁ? አንዳንዱ ይሄድ ይሆናል። ብዙው ግን ወደ ውርርድ ቤቱ፣ ወደ ጫቱና ወደ ስልኩ ነው የሚሄደው። መልካሙን ነገር ስንነፍገው ክፉው እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል።

ስለ እኅቶቻችን

ሴት ልጆቻችን ከሜዳ የሚቀሩት በጾም ምክንያት ብቻ አይደለም። በልብስ ያፍራሉ፤ በወር አበባቸው ጊዜ ይጨነቃሉ፤ የወንዶቹን ሳቅ ይፈራሉ። ለዚህ ሁሉ መልስ አለ። ሰፋ ያለ ሱሪና ረጅም ቲሸርት ልከኝነትንም እንቅስቃሴንም ያስታርቃል። ወንዶችና ሴቶች ተለይተው የሚሠሩበት ሰዓት ማመቻቸት ይቻላል። የሚስቀውን ወንድ ልጅ ደግሞ በመጀመሪያ መገሠጽ ያለብን እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዎች ነን፤ ብዙ ጊዜ የሚስቀው የእኛው መዘምር ነውና።

በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ 4 ቀን፣ በፍልሰታ ጾም ሳምንት፣ አትሌት መሠረት ደፋር በለንደን ኦሎምፒክ የ5000 ሜትር ውድድርን አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ በዓለም ሁሉ ፊት ስታሳይ ያላለቀሰ ማን ነበር? ያችን ልጅ ያን ጊዜ «ሩጫ ዓለማዊ ነው» ያላት አልነበረም። ነገር ግን ሁላችንም ያጨበጨብንላት በመድረሻው መስመር ላይ ነው። በመነሻው መስመር ላይ የቆመችውን፣ ስሟ የማይታወቀውን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ማን ያበረታታል?

የበቆጂው መምህር

ለዚህ ጥያቄ አንድ ምስክር አለን። በአርሲ በቆጂ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእኚህ ሰው እጅ አልፈዋል። ቤተ መንግሥት አልነበራቸውም፤ ሜዳ፣ ተራራና ልጆችን የሚያስተውል ዓይን ነበራቸው። በቆጂ የምትገኘው በ2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ደብረ ታቦርም ወደ 2700 ሜትር ትጠጋለች፤ ጉናችንም ከ4000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ አንድ ነው፤ ዳገቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ክፍለ ጊዜዋን እንደ አደራ የቆጠረ መምህር መገኘቱ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ልጆቻችሁ ሁሉ ወርቅ እንዲያመጡ አይደለም። በቆጂ ከሮጡት ልጆች የሚበዙት ስማቸው አይታወቅም። ነገር ግን ዛሬ ገበሬ፣ ነርስ፣ መምህርት ሆነው በጤና ቆመዋል። ያ በቂ ፍሬ ነው።

በእኛም አካባቢ ይህ ነገር ከመቼውም በላይ ያስፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በግጭት ምክንያት በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች የተኩስ ድምፅ እየሰሙ ቤት ውስጥ ከርመዋል። ወደ ትምህርት ሲመለሱ ያለፋቸውን ሒሳብ ማካካስ ያስፈልጋቸዋል፤ ደግሞም በግልጽ ሜዳ ላይ ያለ ፍርሃት መሮጥ፣ ከጓደኛ ጋር መሳቅ፣ «ወደቅሁ፤ ተነሣሁ» ማለት ያስፈልጋቸዋል። የደነገጠ ልጅ በቃል ብቻ አይጽናናም። ሰውነቱም መጽናናት አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወላጆች፣ በሚቀጥለው የወላጅና የመምህራን ስብሰባ ስለ ሒሳብና እንግሊዝኛ ስትጠይቁ «የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜስ በትክክል ይሰጣልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ራሱ ክፍለ ጊዜዋን ይጠብቃታል። ተማሪዎች፣ ክፍለ ጊዜዋ ስትመጣ ከጥላው ሥር ተነሡ። ሜዳው ላይም ክርስቲያን ሁኑ፤ አትሳደቡ፣ ደካማውን አስገቡት፣ የተሸነፈውን እጁን ጨብጡት። በእሑድ ማለዳ ግን ውድድር ከቅዳሴ ጋር ሲጋጭ ምርጫችሁ ግልጽ ይሁን፤ ጥቂት የሚጠቅመው ሁሉን የሚጠቅመውን አይቅደም።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን ኃላፊዎችም ከነቀፋ ወደ ሥራ እንሻገር። በወር አንድ ቅዳሜ ወጣቶቻችንን ይዘን በእግር ወደ አንድ ገዳም ብንጓዝ፣ እግረ መንገዳችንን ታሪክ ብንማር፣ ለጠዋት ጸሎት ስግደትን በትክክለኛ አቋም እንዴት እንደምንሰግድ ብናስተምራቸው፣ በገና ሰሞን በሥርዓት የገና ጨዋታ ብናዘጋጅላቸው፣ ልጁ ሜዳንና ቤተ መቅደስን እንደ ሁለት ጠላት ጎራ አያይም። የትንሣኤን ዜና የሰሙት ሁለቱ ሐዋርያት ወደ መቃብሩ በሩጫ እንደ ሄዱ፣ ቅዱስ ዮሐንስም ቀድሞ እንደ ደረሰ ወንጌል ይነግረናል (ዮሐ. 20፥4)። ለእንዲህ ያለው ዜና የሚሮጥ እግር ያስፈልጋል።

የዚያች እናት ነገር እንዴት እንደ ተፈጸመ ልንገራችሁ። ልጅቱን ወደ ንስሐ አባቷ ላክናት፤ እናቲቱም ወደ መምህሩ ሄዱ። መምህሩ ልጅቱ የምትቀረው ከስንፍና መስሎት ኖሯል። ጾመኛ መሆኗን ሲሰማ «እኔም እኮ እጾማለሁ፤ ለምን አልነገረችኝም?» አለ። ከዚያ ወዲህ በጾም ቀን ቀላል ልምምድ ትሠራለች፣ የሩጫ ሰዓት ትይዛለች፤ የሩጫ ፈተናዋን ከፋሲካ በኋላ እንድትወስድ ተስማሙ። ጾሟም አልተገደፈም፤ ትምህርቷም አልተጓደለም። ሁለት ሰዎች ተነጋገሩ፤ ነገሩ አለቀ።

በበዓለ ሃምሳ እናቲቱን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘኋቸውና ስለ ልጅቱ ጠየቅኋቸው። «አሁንማ ጠዋት ወደ ኪዳን ስንሄድ እኔን ጥላኝ ትሮጣለች» አሉኝ።

የአባቶቻችን የቅዱሳን ሐዋርያት ጸሎት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።